የሦስት ቀን ፋታ

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ጠዋት ሠላሳ አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ከዳባት ወረደ። ሃያ ስምንቱ ደረቅ፣ ሁለቱ እርጥብ፣ አንዱ አቆጥቁጧል። እርጥቦቹን በረንዳ ላይ አሰጣሁ። ያቆጠቆጠውን ዘር ለሚፈልግ ለየሁት። መንገዱ ክፍት ነው፤ ሹፌሩ ሁለት ቦታ ብቻ ተፈተሽሁ አለ።

ከሰዓት ለይላ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። የክርክር ክበብ አላቸው፤ የታሪክ መምህሯ ናዝራዊት ናት የምትመራው። ርእሱ፦ ከሰማንያ ዓመት በፊት አሜሪካ ጃፓን ላይ አቶሚክ ቦምብ መጣሏ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? ዕጣ ተጣለ። ለልጄ የወጣላት “ተገቢ ነበር” የሚለው ነው።

ከተማ ሙሉ ሰው ያቃጠለን እንዴት ብዬ ነው የምደግፈው፣ አለችኝ። ነጋዴ የማይወደውንም ዕቃ ይሸጣል አልኋት። ጆንያ ላይ አስቀመጥኋትና የጻፈችውን አስነበብኋት። ጦርነቱ ዓመታት ፈጅቷል። ጃፓኖች እጅ አንሰጥም ብለዋል። ወታደር ደሴታቸው ላይ ቢወርድ ኖሮ ከሁለቱም ወገን የሚያልቀው ሰው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። ቦምቡ ግን በቀናት ውስጥ ጨረሰው።

ጥሩ ጽፋለች። ግን ጉልበት የለውም። ከእርጥቡ ጆንያ አንድ የበሰበሰ ራስ አወጣሁ።

“ይኸን ብተወው ምን ይሆናል?”

“ጎኑ ያለውን ያበሰብሳል።”

“ስለዚህ?”

“ትጥለዋለህ።”

“ከሱ ጋር የተጣበቀውን ጤነኛውንስ?”

“እሱንም... ጆንያውን ለማዳን።”

“በቃ፣ ክርክርሽ ይኸ ነው።”

ጻፈችው። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ... ኮራሁ።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ሰውአገኝ ስድስት ጆንያ ይዞ ወረደ። ከዳባት በላይ ነው አገሩ፤ ስምንት ዓመት ከእሱ ገዝቻለሁ። የደረቀውን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች አድርጎ አያውቅም።

የዚህ ሰው ነገር ግን ልቤ ላይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሙ በድንበር ጠብ ሞተ። የገደለው የጎረቤቱ የአያ ወልደ ገብርኤል ልጅ ነው፤ ያን ዕለት ቆላ ወረደ፤ እስከ ዛሬ ሕግም አላገኘው። በመሀላቸው ካለው ወንዝ ማዶ የቀሩት ሽማግሌው አባት፣ ምራታቸውና ሁለት ወንዶች የልጅ ልጆች ናቸው። በአገሩ ልማድ ደም የተገኘው ወንድ ላይ ይወርዳል። አምስት ሽማግሌ ሆነን ደሙን ለማድረቅ እንመላለሳለን። እኔን የጨመሩኝ እስላም ስለሆንሁ ነው። ከአንዱም ወገን አልወለድ፣ አልዛመድ፣ መሬት አልጋራ። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለቴም ሰውአገኝ “ላስብበት” አለን።

ዛሬ መብራት ጠፍቶ ሚዛኑ አልሠራ አለ። እስኪመጣ ቁጭ አልን። ዝም ማለት ከበደኝና የለይላን ክርክር አጫወትሁት። ጨዋታ ነበር። ሽንኩርቱን ሳይቀር ነገርሁት።

እንዲህ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ስንት ጊዜ ጣሉባቸው ብሎ ጠየቀ። ሁለቴ፣ በሁለት ከተማ አልሁት። በመሀሉ ስንት ቀን ነበር? ሦስት። አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር? ወረቀት በብዙ ከተማ በትነው ነበር ይባላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ የነገራቸው ግን የለም።

“ከዚያ ወዲያ ተነሡ?”

“አልተነሡም። እጃቸውን ሰጡ።”

“ደም አልመለሱም?”

“የት አባታቸው! ዛሬ ወዳጅ ናቸው። ሽንኩርትህን ያመጣው አይሱዙ የማን ሥራ መሰለህ?”

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ “ሸጋ ነው” አለ፤ ስለ ምኑ እንደሆነ አላወቅሁም። መብራት መጣ። መዘንሁ። የጠራሁትን ዋጋ ሳይከራከር ተቀብሎ ሄደ። በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ቀኑ ቀናኝ ብያለሁ።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ከእርጥቡ አንዱ ጆንያ ደረቀ። ሌላው ሸተተ።


ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ለይላ ሳሎን መሀል ቆማ ክርክሯን ተለማመደች። ሚስቴ ዐዚዛ ምስር ትለቅማለች፤ የምትሰማ አትመስልም። ልጅቱ የሽንኩርቱን ነገር ስትጨርስ ቀና አለች።

“ጆንያው የማን ነው?”

እንዴት ማለትሽ ነው አልኋት።

“የጣላችሁትና ያዳናችሁት ሽንኩርት ባለቤቱ አንድ ነው? ወይስ የሰው ጥላችሁ የራሳችሁን አዳናችሁ?”

ለይላ ወደ እኔ ዞረች። የሚሞተው እኮ ከሁለቱም ወገን ነበር፣ ጃፓኖችም ራሳቸው ተርፈዋል፣ ብዬ ጀመርሁ። ዐዚዛ ወደ ምስሯ ተመለሰች። “እኔ ሽንኩርት አልነግድም፤ ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት” አለች። ይህች ሴት አንድ ቀን ሱቅ ብትውል ደንበኛ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል።

ከዚያ ልጅቱ ስለ ሁለተኛው ቦምብ ጠየቀችኝ። ለናጋሳኪ ምን ልበል? የመጀመሪያው ካልገባቸው ምን ይደረግ በይ፤ ሦስት ቀን ፋታ ተሰጥቷቸዋል አልሁ።

“ሦስት ቀን ይበቃል እንዴ አባ? ስልኩም መንገዱም ተቃጥሏል። የደረሰባቸው ምን እንደሆነ ለማወቅስ ይበቃል?”

እራት ቀረበ።


ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ወላጆች ከኋላ ቆምን።

ለይላ በደንብ ተናገረች። ለተቃዋሚው ወገን መዝሙር የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። የሰጠኋትን ሽንኩርት አነሣባት። “የበሰበሰ ሽንኩርት ብስባሱ ታይቶ ነው የሚጣለው። ያን ጠዋት ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩት ልጆች ምናቸው ታይቶ ነው?”

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አሸንፎ ነበር። አላቆመም፤ ስለ ጨረር፣ ስለ ስምምነት፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ። ዕቃው ተሸጦ ሳለ ማውራቱን የቀጠለ ነጋዴ ሆነ።

እጅ ሲወጣ ለይላ በአሥራ ሦስት በለጠች። በጥር ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ትወዳደራለች አሉ፤ ያንኑ ወገን ይዛ። መምህር ናዝራዊት ምሳሌው ያንቺ ነው ብላ ስትጠይቃት የአባቴ ነው አለች። ሰው ዞሮ አየኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ ቀረት ብላ ተራመደች። “ያሸነፍሁት እኔ ነኝ ወይስ ምሳሌው?” ምን ልዩነት አለው አልኋት።

“መዝሙር ያለው እውነት ነበር። እውነት መሆኑን እያወቅሁ አሸነፍሁት።”

ክርክር ነው ልጄ፣ ብዬ ዘጋሁት። በክርክር የሞተ ሰው የለም አልሁ።


ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ደላላው እንዳልካቸው መጣ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር ልልክ ስል አትጫን፣ መንገድ ይዘጋል ብሎኝ ቀርቼ ነበር። ዛሬ ላዳንሁህ ሽንኩርት ጉርሻ አምጣ ብሎ ሱቄ ተቀመጠ። መንገዱ አልተዘጋም።

ብትጭን ኖሮ ግማሹ በስብሶ ነበር ይለኛል። ባለፈው አሥር ጆንያ ይበሰብሳል ነበር ያልኸኝ፣ ዛሬ እንዴት ግማሽ ሆነ አልሁት። ግምት ነዋ፣ አለ ሳያፍር። ያልጠፋ ሽንኩርት ቆጥሬ አልከፍልም አልሁት። ጎረቤቶች ሳቁበት፤ እሱም እየሳቀ ወጣ።

ለዐስር ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ እጄን ስታጠብ ግን... ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ቆመ።

ቦምቡ ባይጣል ያልቅ ነበር የተባለውን ሰው ማን ቆጠረው? በለይላ ወረቀት ላይ እንኳ ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መቶ ሺዎች ይላል፣ አንዱ ሚሊዮን። የእንዳልካቸው አሥር ጆንያና ግማሽ። የሞቱት ሞተዋል፣ ሥጋ ለብሰው የነበሩ ናቸው። ዳኑ የተባሉት በግምት ናቸው። ለራሴ ሽንኩርት ያልተቀበልሁትን ሚዛን ለልጄ ሸጥሁላት።

በሌላ በኩል ደግሞ... ያን ደሴት ሊወጋ መርከብ ላይ ተሳፍሮ የሚጠብቅ ወታደር አባት ብሆንስ? ቦምቡ ባይጣል ልጄ ይሞት ነበር፣ ልጄ ግምት አይደለም እል ነበር። ይኸም እውነት ነው። አላውቅም።


ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። የሰውአገኝ እናት ሽታዬ ናቸው፤ ከጎረቤት ስልክ።

ትናንት ማታ ሰውአገኝ ወንዙን ተሻግሮ የአያ ወልደ ገብርኤልን የገብስ ክምር አቃጠለ። ያልተወቃ የዓመቱ እህል ነው፤ ሁሉም ሄደ። ሽማግሌው ነዶ ላውጣ ብለው እሳት ውስጥ ገቡ፤ ሁለት እጃቸው ተቃጠለ። ሰውአገኝ ወደ ራሱ ማዶ ተመልሶ ተጣራ፦ ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ፣ ገዳዩን ካላመጣችሁ ሐሙስ ሲመሽ ቤቱም ይቃጠላል።

ሦስት ቀን።

እማማ ሽታዬ አልጮሁም። ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። “ናስር ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ‘አንድ ጊዜ አጥብቀህ ካቃጠልህ አይነሡም፣ ደምም አይመልሱም፣ ኋላም ይወዱሃል፤ አያ ናስር ታሪክ አንብቦ ነግሮኛል’ ይላል። ብለኸዋል?”

ብዬዋለሁ አልኋቸው።

ሚዛኑ አልሠራ ብሎ ነው፣ ጨዋታ ነበር... ይኸን ልላቸው ነበር። ተውሁት።

ሌሎቹን ሽማግሌዎች ደወልሁላቸው። ሁለቱ ለቅሶ ሄደዋል፣ አንዱ ስልክ አያነሣም፣ አራተኛው ታሟል። ለፖሊስ ልንገር ወይ ብዬ አሰብሁ። ሰውአገኝ ቢሰማ ጫካ ይገባል፤ ጫካ ከገባ ሐሙስንም አይጠብቅም። መጀመሪያ ራሴ ልሂድ።

ዐዚዛ ጋቢዬን አጣጥፋ ሰጠችኝ። አልወቀሰችኝም። ያ ባሰብኝ። ለይላ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

“አባ፣ ቃሌን ነው የወሰደው?”

“ያንቺን አይደለም። የኔን ነው።”


ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ትናንት ዳባት በአይሱዙ፣ ዛሬ ከዚያ በላይ በእግር። ሁለት ሰዓት ተኩል። ድሮ በአንድ ተኩል እወጣው ነበር።

መጀመሪያ ወደ አያ ወልደ ገብርኤል ቤት ሄድሁ። የክምሩ ቦታ ጥቁር ክብ ነው፤ አሁንም ይጨሳል። የተቃጠለ ገብስ እንደ ቆሎ ይሸታል። ሁለቱ ልጆች አመዱን በእንጨት እየጫሩ ያልተቃጠለ ፍሬ ይለቅማሉ። ትልቁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ወንድ። ደም የሚወርድበት ወንድ።

ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ማር ተቀብተው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለዋል። ምራታቸው ውሃ ታጠጣቸዋለች። ለምን እሳት ውስጥ ገቡ አልኋቸው።

“የልጆቹ ዓመት ነበር” አሉ። “ቆሜ ልየው?”

ለይላ ካነበበችው ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ያኔ ይኸን ተዪው፣ ክርክርሽን ያደክማል ብያት ያስወጣኋት። ከቦምቡ በኋላ ሰዎች እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ነበር አሉ የሚሄዱት። ቆዳው እንዳይነካባቸው። ውሃ፣ ውሃ እያሉ።

ያስወጣሁት ገጽ ፊቴ ተቀምጧል።

ከዚያ ወንዙን ተሻገርሁ። በድንጋይ ላይ ነው የሚሻገሩት፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ሰውአገኝ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ከብትህ እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው... ተባባልን። ነውር እንዳይሆን።

ከዚያ ምነው እንዲህ አደረግህ አልሁት።

“አንተው አይደለህ የነገርኸኝ፣ አያ ናስር? ሁለት ዓመት ስትመላለሱ ደሙ አልደረቀ። እነሱም ይፈራሉ፣ እኔም አልተኛ። አንድ ጊዜ ይብቃ አልሁ። ብዙ ሰው ከሚያልቅ።”

ሰውዬው አላበደም። ክፉም አይደለም። እንደኔው ቆጥሮ ነው የደረሰበት። አንዱንም ቃል ከልቡ አልጨመረ፤ ሁሉም የእኔ ነው፣ ከእኔ ሱቅ የተገዛ።

“ስነግርህ ያጎደልሁት አለ” አልሁት። “ቦምቡን የጣሉት ሰዎች ከላይ ነበሩ። ጥለው ባሕር ተሻግረው አገራቸው ገቡ። ያቃጠሉትን ሰው ፊት አላዩም። አንተስ የት ትገባለህ? ነገ ውሃ የምትቀዳው ከየት ነው?”

ወደ ወንዙ ቁልቁል አየ።

“ከዚያው ወንዝ ነው። እነሱም ከዚያው።”

“እነዚያ እኮ ታረቁ አልኸኝ።”

“ታረቁ። ስለተቃጠሉ ይሁን፣ ቢቃጠሉም ይሁን፣ ማን ያውቃል? የተማሩትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ግን እንዳወቀ ሰው ነገርሁህ። ነጋዴ ያላየውን ዕቃ ደረቅ ነው ብሎ ከሸጠ ምን ይባላል?”

“ሌባ ይባላል” አለ፤ ፈገግም አላለ።

እጃቸውን እይ፣ አንድ ጊዜ ወንዙን ተሻግረህ እይ፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ ብዬ ለመንሁት። እምቢ አለ። ካየሁ አልችልም አለ። ያ ቃል ተስፋ ሰጠኝ። ማየት የሚፈራ ሰው...

ቃሌን ግን አላጥፍም ብሏል። ሐሙስ ሲመሽ።

አያ ወልደ ገብርኤል ጋ ተመልሼ ነገ ጠዋት ድንጋይ ተሸክመው ይምጡ አልኋቸው። የበዳይ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩ ካወረደለት ምሮታል ማለት ነው። ያልመጣው ልጃቸው ነው፤ አባት ስለ ልጅ ይሸከማል። ሽማግሌው የተጠቀለለ እጃቸውን አነሡልኝ።

“በየትኛው እጄ ልያዘው?”


ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ቀን።

የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ከወንዙ ዳር ድንጋይ መረጥሁ። የሰው ራስ የሚያህል። ቀላል ልምረጥ ብዬ ነበር፤ ተውሁት። በቀላል ድንጋይ ማታለል አሁን አይሆንም።

ሽማግሌ መሀል ይቆማል። ልማዱ ይኸ ነው። የአንዱን ወገን ድንጋይ ከነካ ሽማግሌነቱ ቀረ። አባቴም ሲያስታርቅ ኖረ፣ አንድ ቀን ከመሀል ወጥቶ አያውቅም። እኔን የመረጡኝም ለዚህ ነበር፤ ከማንም አትወለድም ብለው።

ድንጋዩን አያ ወልደ ገብርኤል ማጅራት ላይ አስቀመጥሁ። በአንድ እጄ ድንጋዩን፣ በሌላው ክንዳቸውን ያዝሁ። ወንዙን እንዲያ ተሻገርን። እሳቸው እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ ምንም እንዳይነካባቸው። ምራታቸውና ልጆቹ ማዶ ቀሩ። ከግማሽ መንገድ በኋላ ክንዴ ዛለ። ሽማግሌው ከሥር “አይዞህ” ይሉኛል። እሳቸው እኔን።

ደጁ ስንደርስ ተንበረከኩ። እኔም አብሬ ተንበረከክሁ፤ ካልሆነ ድንጋዩ ይወድቃል።

ሰውአገኝ ወጣ። ድንጋዩን አላየም፣ ሽማግሌውን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

“አያ ናስር፣ ምነው አንተ?”

“እኔም በዳይ ነኝ።”

“አንተ ምን አረግኸኝ?”

“እሳቱን ያቀበልሁህ እኔ ነኝ።”

ወንዙ ይሰማል። የድንጋዩ ክብደት ወደ ትከሻዬ ወጣ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ክርክር የት እንደገባ እንጃ።

እማማ ሽታዬ ከቤት ወጡ። ልጃቸው የሞተባቸው እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አሉና የነጠላውን ቁራጭ ጫፍ ገለጥ አደረጉት። አዩት። መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፦

“ሰውአገኝ፣ ና እይ።”

አየ። አፉን በጋቢው ያዘ። እዚያው እንደቆመ ፊቱ ተለዋወጠ... ልጽፈው አልችልም።

“አውርድ” አሉት እናቱ።

ድንጋዩን ሲያነሣው እጄ አብሮ ተነሣ፤ ጣቶቼ ደርቀው አልለቀቁም። አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

እርቅ አላለም። “ሐሙስ ቀርቷል” ነው ያለው። በዚያ ማዶ ባሉት ላይ እጄን አላነሣም፤ ገዳዩ ግን የሕግና የእግዜር ነው አለ። ሽማግሌው ስለ ክምሩ አልከስም አሉ። ጾም ስለሆነ በግ አይታረድም፤ መሐላው ከገና በኋላ እንዲሆን ተባለ። በቆሎ ቆሎ ቀረበ። ሁላችንም በላን። አያ ወልደ ገብርኤልን ያጎረሷቸው እማማ ሽታዬ ናቸው።


ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ሽማግሌውን ይዤ ወረድሁ። ሐኪም ቤት ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ቀኙ ይድናል፤ የግራው ሦስት ጣት አይታጠፍም ብለዋል። ገበያ አልቆምሁም።

ማታ እኛ ቤት አሳደርናቸው። ዐዚዛ ምስር ወጥ በዘይት ሠራችላቸው። ለይላ ብርጭቆውን ይዛ ውሃ አጠጣቻቸው። እጃቸውን እያየች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።

“ተማሪ ነሽ?” አሏት።

“አዎ።”

“ሸጋ። ተማሪ።”


ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

እርጥቡን ጆንያ አወጣሁት። እፍኝ የሚሆን በስብሷል። የቀረውን ራስ በራስ ፈትቼ፣ ጤነኛውን ከበሰበሰው ነጠል አድርጌ ለቀምሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አብሮ መጣል ይቀላል። ይቀላል እንጂ ግድ አልነበረም... ያን ቀን ለይላን ለምን ይኸን አላልኋትም?


ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። ሰውአገኝን ደውዬ እንኳን አደረሰህ አልሁት። ከክምሬ ግማሹን ወንዝ አሻግሬያለሁ አለ፤ ልጆቹም እየተሸከሙ አግዘውኛል አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ “አያ ናስር፣ ሐኪሙ ስለ እጃቸው ምን አለ?” ግራው አልዳነም አልሁት።


ጥር 1፣ ዓርብ

ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ወረደ። ሁሉም ደረቅ። ስድስቱ የሰውአገኝ ናቸው፤ ወደ ሹፌሩ ስልክ ደውሎ በዋጋ ተከራከረኝ። ሩብ ሰዓት። ደስ አለኝ።

ለይላ መምህሯን ወገን ልቀይር ብላ ጠይቃ ነበር፤ ዕጣ ዕጣ ነው ተባለች። ስለዚህ የሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይዛ ትቆማለች። ሽንኩርቱን ግን አውጥታዋለች። ያስወጣኋትን ገጽ መልሳ አስገብታለች፤ እጃቸውን ዘርግተው ስለሚሄዱት። ይኸን ሳላነብ ተገቢ ነበር ማለት አልችልም፣ አንብቤም ማለት ከቻልሁ እላለሁ አለች። ብትሸነፊስ አልኋት። ልሸነፍ፣ አለች።

አንተስ ምን ትላለህ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልሁ። ከሱቅ እስከ ቤት አስቤበት እንኳ አላውቅም። ያን ጊዜ፣ የቦምቡን ትእዛዝ የፈረመው ሰው ቦታ ብቀመጥ ምን አደርግ እንደነበር... የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ከፊርማዬ በፊት ማንም እጅ አያሳየኝም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር። ከመሀል ወጥተሃልና ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አይደለህም አሉኝ። ልክ ናቸው። እሑድ መሐላው ላይ በበዳይ ወገን ነው የምቀመጠው።

ነገ፦ ሁለት በግ መግዛት፤ አንዱን ቄሱ፣ አንዱን እኔ የምንባርከው። የቃጠሎ ቅባት። ሰፊው ፋሻ፣ ለሁለት እጅ።